አዲስ ጃዝና ፕሮግሬሲቭ ሮክ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ጃዝ የሚወድ ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚፈልገው፣ በስልኩ። ፕሮግሬሲቭ ሮክን ማለትም ረጃጅም፣ ምቱ የሚቀያየር፣ ከጃዝም ከክላሲካልም የሚበደረውን ሮክ የሚያነሳማ ከስንት አንዱ ነው። ብቻውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። አብዛኛው የሚሰለቸው ሙዚቃው መጥፎ ሆኖበት ሳይሆን አፈላለጉ ላይ ስለሚሳሳት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ መተው

ከሁሉም ስህተት የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ባቲ አለች። ከደሴ ወደ ሰሜን ደግሞ አምባሰል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም የመጣው ከዚሁ ከደጃችን ነው። መሲንቆ ተጫዋች አንዱን ቅኝት ይዞ ሲመላለስበት፣ ሲያስረዝመው፣ በመሀል ግጥም ሲጥልበት እየሰማ ያደገ ሰው፣ አንድ ሳክስፎን በጥቂት ድምፆች ላይ አስር ደቂቃ ሲቆይ ለምን ይደናገጣል? የብዙው ጭፈራችንም ምት ስድስት ነው፤ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ሦስት ሆኖ ይሰማል። ሌላ አገር አድማጭ ለመልመድ የሚታገለውን እኛ በእስክስታ ለምደነዋል።

መጀመሪያ ላይ የአርመኑን ፒያኒስት ቲግራን ሃማስያንን ሞክሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሻዶ ቲያትር» አልበሙ ጥሩ በር ነው። የአገሩን የሕዝብ ዜማ ይዞ፣ ከሥሩ እንደ ሜታል ባንድ የሚቆራረጥ ከባድ ምት ያስገባበታል። ጃዝ ነው ወይስ ፕሮግ (ፕሮግሬሲቭ ሮክ) ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም ነው። በነገራችን ላይ አርመኖች ለእኛ ሙዚቃ ሩቅ አይደሉም። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የሚባሉት ሙዚቀኞች አርመኖች ነበሩ፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሲነሳ ናልባንዲያን የሚባለው የቤተሰብ ስም አይቀርም።

ኢትዮ ጃዝ ድሮ ያለቀ መስሎን መቅረት

ሙላቱ አስታጥቄን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ እዚያው መቆማችን ነው። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ በ2012 እ.ኤ.አ. «ጉዞ» የሚል አልበም አውጥቷል። ድምፃዊው አስናቀ ገብረየስ ደግሞ «ኡካንዳንዝ» ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር የድሮ ዘፈኖቻችንን በኤሌክትሪክ ጊታርና በሳክስፎን እያናወጠ ይዘፍናል። አማርኛ የሚዘፈንበት እንዲህ ያለ ሮክ አለ ብትባሉ ታምናላችሁ? ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት።

ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ለዩቲዩብ መተው

ዩቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሰው የሰማውን ወይም እናንተው የሰማችሁትን የሚመስል ነው የሚያመጣላችሁ። ያልተሰማ ሙዚቃ የምትፈልጉ ከሆነ ሰዎቹን ተከተሉ። የወደዳችሁት አልበም ላይ ከበሮውን ማን መታው? ቤዙን ማን ያዘ? ስሙን ጻፉና ሌላ ቦታ ከማን ጋር እንደተጫወተ ፈልጉ።

አንድ መንገድ ላሳያችሁ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ2018 እ.ኤ.አ. «ላላ በሉ» የሚለውን አልበም አወጣ። ውስጡ «ትዝታ» አለ፣ «አንቺ ሆዬ ለኔ» አለ። ከበሮ የመታለት ቶኒ በክ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ቶኒ በክን ስትከተሉ «ዘ ኔክስ» የሚባል የሦስት ሰዎች ቡድን ታገኛላችሁ፤ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ከበሮ። ብዙ ጊዜ አንድ ሥራቸው አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ ይለወጣል። ከ«ትዝታ» ተነስታችሁ እዚህ ደረሳችሁ ማለት ነው።

የኃይሉን ኦርጋን የወደዳችሁ ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተሻገሩ። «ኤሌፈንት ናይን» የሚባለው ቡድን ኦርጋኒስት ስቶለ ስቶርሎከን «ሞተርሳይኮ» ከሚባለው የሮክ ባንድ ጋርም በ2012 እ.ኤ.አ. ትልቅ አልበም ሠርቷል። ከጃዝ ወደ ፕሮግ እንዲህ ነው የሚገባው፣ በሰው በኩል።

በሁለተኛው ደቂቃ መዝጋት

ፕሮግ የሚያስቸግረው እዚህ ጋ ነው። የእንግሊዙን ባንድ የኪንግ ክሪምሰንን «ስታርለስ» ውሰዱ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከአስራ ሁለት ደቂቃ የሚበልጥ። መጀመሪያ ሐዘን ያለበት ዘፈን ነው። ከዚያ ድምፃዊው ዝም ይላል። ቤዙ አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ምቱ በአስራ ሦስት ይቆጠራል። ጊታሩ አንዲት ድምፅ ይዞ ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ከበሮው እየጠነከረ ይመጣል። ውጥረቱ ሲፈነዳ ሳክስፎኑ ይገባል፤ በመጨረሻም የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። ግማሽ ላይ የዘጋው ሰው ይሄን ሁሉ አልሰማም። እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ አንድን አልበም ከመጣላችሁ በፊት በተለያየ ቀን ሦስቴ ስሙት።

ዘፈኖቹን አደበላልቆ በስልክ ስፒከር መስማት

ፍላሽ ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ የዘፈኖቹ ስም ይጠፋል፣ ቅደም ተከተሉም ይበላሻል። ፕሮግ አልበም ደግሞ አንዱ ዘፈን ለሌላው መግቢያ ሆኖ ነው የሚሠራው። በቅደም ተከተሉ ቁጥር እየሰጣችሁ አስቀምጡት። ስፒከሩን በተመለከተ፦ የስልክ ስፒከር ቤዙን ይበላዋል። ርካሽም ይሁን፣ ኢርፎን ይሻላል። ዳታ ለሚያሳስበው ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ መሄድ ነው።

የድሮ ካሴት መናቅ

የኃይሉ መርጊያ የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሴት ከዓመታት በኋላ ለዓለም እንደገና የተዳረሰው፣ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ስላገኘው ነው። ደሴም ያረጀ ካሴት ያስቀመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ሙዚቃ ቤት ስትገቡ «አዲስ ምን መጣ?» ብቻ አትበሉ። ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ካሴት ካለ ጠይቁ፤ ባለቤቱ ከኋላ መደርደሪያ ካወጣላችሁ እዚያው አስከፍታችሁ ስሙት።