ትንሽ የካርት (የትንሿ የውድድር መኪና) ሞተር አምራች ከትልልቆቹ ጋር እንዴት ይወዳደራል

መጀመሪያ ሞተርህን የት እንደምትሸጠው እወቅ። አንዳንድ ውድድር የአንድ አምራች ሞተር ብቻ ነው የሚቀበለው፦ ሮታክስ ማክስ ላይ የሚሮጠው የኦስትሪያው ሮታክስ ብቻ ነው፣ ኤክስ30 ላይ የጣሊያኑ ያሜ ነው፣ ኤልኦ206 ደግሞ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ከፋብሪካው አሽጎ የሚሸጠው ባለ 4 ምት ሞተር ነው። ያንተ የፈለገ ቢፈጥን እዛ ማንም አያስገባህም። ለተለያየ አምራች ክፍት የሆኑት የውድድር ምድቦች እነ ኦኬ እና ኬዜድ ናቸው፣ ሁለቱም 125 ሲሲ ባለ 2 ምት፣ ኦኬ ማርሽ የለውም ኬዜድ 6 ማርሽ አለው።

ከነሱም አንዱን ብቻ ያዝ። የጣሊያኗ ፔሳሮ ከተማ ቲኤም ሬሲንግ ከእነ ሮታክስ አንፃር ትንሽ ድርጅት ነው፣ ግን ባለማርሽ ካርት ላይ ስሙን ተክሎ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፉ ሞተሮች ሰርቷል።

ቀጥሎ ያለው ለኔ ዋናው ነው፣ ሁሉም ሞተርህ አንድ አይነት ይሁን። ገዢ ሁሌ የሚጠረጥረው ምርጡ ሞተር ለፋብሪካው ሾፌር ተሰጥቶ የተረፈው ለሱ እንደመጣ ነው፣ ይሄን ጥርጣሬ ማጥፋት ከቻልክ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ከመጨመር በላይ ይሸጥልሃል። ለምሳሌ በፒስተኑና በቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) መሀል ያለውን ክፍተት እያንዳንዱ ሞተር ላይ ለካ። ካንዴላውን ፈተህ ቀጭን፣ ለስላሳ የእርሳስ ብረት ሽቦ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ድረስ ታስገባለህ፣ ሞተሩን በእጅህ አንዴ ታዞረዋለህ፣ ፒስተኑ ሽቦውን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ትለካለህ። ሽቦው በፒስተኑ ፒን (ፒስተኑን ከቢዬላው፣ ማለትም ከማገናኛ ዘንጉ፣ ጋር የሚያያይዘው) አቅጣጫ ይሁን፣ በሌላው በኩል ፒስተኑ ትንሽ ስለሚወዛወዝ ልኬቱ ያታልልሃል። ካልገጠመልህ ከሲሊንደሩ ስር ያለውን ጋስኬት ቀይር። ልኬቱንና የዳይኖውን (የሞተር ጉልበት መለኪያው) ውጤት ከሞተሩ ቁጥር ጋር ፅፈህ ለገዢው ስጠው፣ ለራስህ ሾፌርም ያው ወረቀት ይኑረው።

ከዛ መለዋወጫ። ባለ 2 ምት ሞተር ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በሰዓት እየተቆጠረ የሚቀየርለት ነው፣ ቅዳሜ ማታ ቢዬላ የተበላሸበት ልጅ እሁድ ጠዋት መሮጥ ካልቻለ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሞተር ነው የሚገዛው። ስለዚህ በየአገሩ አንድ ጎበዝ ሞተር አዘጋጅ ያዝ፣ መለዋወጫውን በቅናሽ ስጠው፣ ሞተር ፈቶ የመግጠሙን ስራና ገቢውን ለሱ ተውለት። እሱ ካተረፈ ሞተርህን ራሱ እያስተዋወቀ ይሸጥልሃል።

የኤፍአይኤ (የዓለም የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን) ሆሞሎጌሽን፣ ማለትም ሞተሩን ለውድድር የማፅደቁ ስራ፣ የመጨረሻው ላይ ይሁን፣ ወጪው ከባድ ነው፣ አንዴ ከፀደቀ በኋላ ደግሞ ዋና ዋናውን ክፍል እንደልብህ መቀየር አትችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ደንቡ በሚፈቅድበት የክለብ ውድድር ላይ፣ በሙቀትም በዝናብም ሙሉ ሲዝን አስሩጠው፣ ስም ላለው ሾፌር ለአንድ ውድድር ከምትከፍል ሁሉም ዙር ላይ ለሚገኝ የሰፈሩ ልጅ ሞተሩን አውሰው።