ሰርቨሩ «ስፓም» ያለውን ኢሜይል በተንደርበርድ እንዴት ገለል እናደርጋለን?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ የኢሜይል ሣጥኑን የምከታተለው እኔ ነኝ። የበርና የቁም ሣጥን ትዕዛዝ፣ የፕሮፎርማ ጥያቄ፣ የጨረታ ጥሪ ሁሉ የሚመጣው በዚያው ነው። ከእነዚህ ጋር ደግሞ «ውርስ ተገኝቶልዎታል»፣ «የይለፍ ቃልዎ ሊዘጋ ነው» የሚል የማጭበርበሪያ መልዕክት፣ ማለትም ስፓም፣ ይዘንባል። ኢሜይላችንን ተቀብሎ የሚያደርሰን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ አብዛኛውን ያውቀዋል፤ ግን ምልክት አድርጎበት ይልከዋል እንጂ አያስቀረውም። ምልክቱን አይቶ ገለል ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

በጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ማጣራቱ እዚያው ስለሚሠራላችሁ አትድከሙ። ይህ ጽሑፍ የራሳቸው የድርጅት አድራሻ ላላቸውና ኢሜይላቸውን በኮምፒውተር፣ በተንደርበርድ ለሚያነቡ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ እኔ ከሞከርኋቸው ሁሉ ማጣሪያው የሚታመን እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ሰርቨራችሁ ምልክት ማድረጉን አረጋግጡ። አንድ የታወቀ ስፓም ከፍታችሁ ኮንትሮልና «ዩ»ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የመልዕክቱ ሙሉ ጽሑፍ ይወጣል። ከዋናው ጽሑፍ በላይ ባሉት መስመሮች ውስጥ «ኤክስ-ስፓም» ብለው የሚጀምሩትን ፈልጉ። እነዚህን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ስፓም አሳሲን የተባለው ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ መልዕክት ነጥብ ይሰጣል፤ ካልተቀየረ በስተቀር 5 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፓም ይባላል። «ፍላግ» የሚለው መስመር ስፓም ሲሆን «የስ» ይላል። «ስታተስ» ነጥቡንና ምክንያቱን ይዘረዝራል። «ሌቭል» ለየነጥቡ አንድ ኮከብ ይደረድራል።

ቀጥሎ «የተጠረጠረ» የሚል ማህደር ፍጠሩ። ከዚያ «ቱልስ» ከሚለው ምናሌ «ሜሴጅ ፊልተርስ»ን፣ ከዚያም «ኒው»ን ተጫኑ። ምናሌው ካልታየ «አልት» የሚለው ቁልፍ ያወጣዋል። «ሰብጀክት» የሚለውን ዝርዝር ስትከፍቱ ከታች «ከስተማይዝ» አለ፤ የመስመሩን ስም እዚያ በላቲን ፊደል ጻፉ፦ ኤክስ፣ ሰረዝ፣ ስፓም፣ ሰረዝ፣ ፍላግ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች አትጨምሩ፤ አይቀበላችሁም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እኔ የመጀመሪያውን ማጣሪያ የሠራሁት ሁሉን በሚዘረዝረው በ«ስታተስ» መስመር ነበር። «ኮንቴይንስ»፣ ማለትም «ይዟል» የሚለውን መርጬ «የስ» ብዬ ጻፍሁ፤ እርምጃውንም «ሰርዝ» አልሁት። ሦስት ቀን ሣጥናችን ጸጥ አለ፤ ማጣሪያው ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን አንድ የቆየ ደንበኛ ደውሎ «ለፕሮፎርማው መልስ ስላልሰጣችሁን ለሌላ ሰጠነው» አለኝ። ጥያቄው ከተሰረዙት መካከል ተገኘ። የአሥራ ሁለት በር ሥራ ነበር።

ስፓም አሳሲን የመልዕክቱን ቃላት ቀድሞ ከተማራቸው ጋር የሚያመዛዝንበት «ቤይስ» የተባለ ስሌት አለው። ውጤቱን የሚጽፈው በዚያው በ«ስታተስ» መስመር ላይ ነው። ስሙ በላቲን ቢ፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኢ፣ ኤስ ተብሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት «የስ» የሚለው ቃል ራሱ ናቸው! ተንደርበርድ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም። መስመሩ «ኖ» ብሎ ቢጀምርም፣ «ቤይስ 00» የሚለው፣ የመልዕክቱን ንጽሕና የሚመሰክረው ምልክት፣ ለእኔ ማጣሪያ «የስ» ሆኖ ታየው። ንጹሑን ከቆሻሻው ጋር ጠራርጎ ወሰደው።

ስለዚህ «ፍላግ»ን ተጠቀሙ፤ «ኢዝ» የሚለውን፣ ማለትም «ነው»ን መርጣችሁ «የስ» ብላችሁ በላቲን ጻፉ። ሰርቨራችሁ «ስታተስ»ን ብቻ የሚጽፍ ከሆነ «ቢጊንስ ዊዝ»፣ ማለትም «በዚህ ይጀምራል» የሚለውን ምረጡ። «ኮንቴይንስ»ን አትንኩ። እርምጃውም ወደ «የተጠረጠረ» ማዛወር ይሁን፤ መሰረዝ አይሁን። ሰርቨርም ይሳሳታል።

በመለያው ማስተካከያ ውስጥ፣ ስፓምን በሚመለከተው ክፍል ሥር፣ የስፓም አሳሲንን ምልክት እመኑ የሚል አንድ ምርጫ አለ። ለቸኮለ ሰው ይበቃል። እኔ ግን የራሴን ማጣሪያ እመርጣለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ መስመር በመስመር ይታየኛል።

ከዚህ ማጣሪያ በላይ ሌላ አንድ ጨምሩ፦ ላኪው በአድራሻ መዝገባችሁ ውስጥ ካለ፣ «ስቶፕ ፊልተር ኤክስኪውሽን» የሚለው እርምጃ ቀሪዎቹን ማጣሪያዎች ያስቆም። ማጣሪያዎቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚሠሩ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የባንካችሁን አድራሻ ግን መዝገቡ ውስጥ አታስገቡ፤ አጭበርባሪ በላኪነት አስመስሎ የሚጽፈው እርሱን ነው።

ማጣሪያው የሚሠራው ተንደርበርድ ተከፍቶ ሳለ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋና ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ስፓሙ በስልኬ ላይ እንዳለ ይታያል፤ መብራቱ ተመልሶ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይለቀማል። ይህ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ያንኑ ሕግ በሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ እንዲያስገባላችሁ ኢሜይላችሁን የሚያስተናግደውን ድርጅት ጠይቁ።