ጀጎል ውስጥ በስልክ ብቻ የሚያስፈራ አጭር ፊልም እንዴት ይሠራል?

ሐረር ላይ ሆኖ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት ስቱዲዮ መፈለግ የለባችሁም። ግንብ አለን፣ ጅብ አለን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ አለን። የሚጎድለው ዘዴው ነው። ባለፈው ክረምት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የአራት ደቂቃ ፊልም ቀረጽን። ጭምብል ነበረው፣ ቀይ ቀለም ነበረው፣ ጩኸት ነበረው። ያሳየነው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አይቶ ስልኩን መለሰልን፤ አንድም የደነገጠ የለም። ሁሉንም ጥለን እንደ አዲስ ስንጀምር ነው ነገሩ የገባን። ቅደም ተከተሉ ይኸው።

1. ታሪኩን አሳንሱት

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የእኛ ይህ ነበር፦ መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት ልጅ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከቡዳ በር ወደ ቤቷ ስትሄድ ከኋላዋ ኮቴ ትሰማለች። አለቀ። እርግማን፣ መቃብር፣ የድሮ ሚስጥር አትጨምሩበት። ታሪክ ለመከተል የሚታገል ተመልካች ለመፍራት ጊዜ የለውም።

2. የሚያስፈራውን ነገር ደብቁት

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን ጆውስ የተባለ የሻርክ ፊልም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለቀረጻው የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ ጨዋማ ውኃ ውስጥ እየገባ ይበላሽባቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ታዲያ ካሜራውን ሻርኩ በሚሆንበት ቦታ፣ ከውኃው በታች አደረገው፤ እኛ የምናየው የዋናተኞቹን እግር ብቻ ነው፣ የምንሰማው ደግሞ የሙዚቃ ደራሲውን የጆን ዊሊያምስን ሁለት ኖታ ነው። ሻርኩ ሳይታይ ሰው ባሕር ፈራ።

እኛም ጭምብሉን ጥለን ካሜራውን ከወገብ በታች ዝቅ አድርገን ልጅቷን ከኋላ ቀስ እያልን ተከተልናት። ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳ ጅብ ሲገባና ሲወጣ እየሰማ ያደገ የሐረር ሰው፣ በዚያ ከፍታ መንገድ ላይ የሚሄደው ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስሙን መጥራት አላስፈለገንም።

3. ባዶ ቦታ ተዉ

የተዋናይዋን ፊት ወደ ፍሬሙ አንድ ጥግ ግፉት፣ ከኋላዋ ያለውን መንገድ ክፍት ተዉት። ተመልካቹ ፊቷን ማየት ትቶ ባዶውን መፈተሽ ይጀምራል። ጀጎል ውስጥ ደግሞ መንገዱ ብዙ አይሄድም፣ ይታጠፋል። መታጠፊያውን ፍሬም ውስጥ አስገቡት እንጂ አትሂዱበት። ቀጥሎ በጣም ቀርባችሁ ፊቷን ብቻ ያዙ። አሁን ተመልካቹ ኋላዋን ማየት ይፈልጋል፣ እናንተ ከልክላችሁታል።

4. ጨለማውን ጨለማ አድርጉት

ስልክ ጨለማ አይወድም። ራሱ ብርሃን ይጨምርና ምስሉን ያሻክረዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ብርሃን ያለበትን ቦታ ተጭናችሁ ያዙ፤ ኤክስፖዠሩ (የምስሉ የብርሃን መጠን) ሲቆለፍ ጣታችሁን ወደ ታች ጎትቱ። ድቅድቅ ያለ ሌሊትም አያስፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው 20 ደቂቃ ገደማ በጣም ትሻላለች፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ግንቡ ጠቁሮ ይታያል። ፊት ላይ መብራት ከፈለጋችሁ ሻማ ወይም አንድ ባትሪ ከጎን ያዙ።

5. ድምፁ ላይ ጊዜ ውሰዱ

እኔን ከጠየቃችሁ ግማሹ ፊልም እዚህ ነው። የፈራ ሰው ፊቱን በሻሽ ይሸፍናል እንጂ ጆሮውን አይደፍንም።

በመጀመሪያ የመንገዱን ጸጥታ ብቻ ሁለት ደቂቃ ቅረጹ። ሩቅ የሚጮህ ውሻ፣ የሆነ ቤት የሚሰማ ሬዲዮ፣ ነፋስ ይኖረዋል። ኤዲት ስታደርጉ እነዚህን አንድ በአንድ አውጧቸው። ውሻው ድንገት ዝም ሲል ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፤ ከማንኛውም ሙዚቃ በላይ የሠራልን ይህ ነው። ኮቴውን ደግሞ ለብቻው ቅረጹ፣ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ፣ በጠንካራ ሶል ጫማ ድንጋይ ላይ። ልጅቷ ቆመች። የኋላው ኮቴ ግን አንዴ ተጨማሪ ይርገጥ። አንዴ ብቻ!

ሻካራ ድምፅም ያስፈልጋችኋል። ከሕፃን ለቅሶና ከሰው ጩኸት ጋር የሚመሳሰል ሻካራ ድምፅ ስንሰማ ሰውነታችን ቀድሞን ይነቃል። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ሳይኮ የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲሠራ የሻወሩን የግድያ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊተወው ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊንና በመሰል ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮህ ሙዚቃ ሠራለት፣ ሂችኮክም ሰምቶ ሐሳቡን ቀየረ። እኛ ቫዮሊን ስለሌለን የብረት ምጣድ ድንጋይ ላይ ጎትተን ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስነው።

6. ድንጋጤውን ከማይጠበቅ ቦታ አምጡት

እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው ካት ፒፕል በተባለ አስፈሪ ፊልም አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን ትሄዳለች፣ የሚከተላት ኮቴ ይጠፋል፣ ከአውሬው ጥቃት ስንጠብቅ ግን አውቶቡስ ፍሬኑን አፏጭቶ ከጎን ይገባል። ዘዴው እስከ ዛሬ በዚያ አውቶቡስ ይጠራል። ለእኛ አውቶቡስ የማይገባበት መንገድ ነው፣ ስለዚህ የቆርቆሮ በር በኃይል እንዲከፈት አደረግን። ልጅቷ አንዴ ዞራ አየች፣ ምንም የለም። ድጋሚ አየች፣ ምንም። ትከሻዋ ሲላላ በሩ ተከፈተ፣ እናቷ ናት። ተመልካቹ ሲስቅ ዋናውን አምጡት። ይህንን ከአንዴ በላይ አትጠቀሙበት፣ ሰው ይለምደዋል።

7. ስትቆርጡ ፊቷን አስቀድሙ

መጀመሪያ የደነገጠ ፊት፣ ቆይቶ ያየችው ነገር። በመካከሉ አምስት ሰከንድ አቆዩ፣ ሲበዛ የሚመስላችሁን ያህል።

ከቀረጻ በፊት የማልዘለው ነገር አለ። ጀጎል ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጎረቤት አስፈቅዱ፣ ጩኸቱን ቤት ውስጥ ቅረጹ፣ ግንቡ ላይ ቀለም አትርጩ። ለቀረጻ ብላችሁም ጅብ በሥጋ አትጥሩ፤ ያ ለዓመታት ሲያበሏቸው የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው።

8. ሰው ላይ ሞክሩት

አንድ በአንድ፣ በኤርፎን፣ መብራት አጥፍታችሁ አሳዩ። እናንተ ስክሪኑን ተዉትና ፊታቸውን ተመልከቱ። ትንፋሽ የያዙበትን ሰከንድ ጻፉ፣ የሰለቹበትንም ጻፉ፣ የሰለቹበትን ቁረጡ። እኛ በዚህ መንገድ ፊልሙን አራት ጊዜ ቆርጠናል። በአራተኛው አንዲት ጎረቤታችን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ መንገድ ብቻ እያለ፣ ኤርፎኑን ነቅላ ወደ ራሷ በር ዞር ብላ አየች። ያችን ሾት ከዚያ በኋላ አልነካናትም።