ከወላጅ አጠገብ ቆሞ አምልኮን መማር

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሲዘምሩ እንባቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ሳያስቡት ይነሣል፤ እናንተ ግን አጠገባቸው ቆማችሁ ማጨብጨብ እንኳ ይከብዳችኋል። እንዲህ ከሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔ አምልኮን የተማርኩት ከእናቴ ነው። ጅማ ውስጥ በቡና ለቀማ ያሳደገችን እናት ናት።

ከእሑድ አትጀምሩ። እሑድ ኪቦርዱ አለ፣ መዘምራኑ አሉ፣ የሰው ዓይንም አለ። የወላጅ አምልኮ የሚታየው ቤት ውስጥ ነው። እማዬ ጎሕ ሲቀድ ከሰል እያቀጣጠለች መዘመር ትጀምራለች፤ ለቀማ ላይም የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለየች ያንኑ መዝሙር ትቀጥላለች። የወላጆቻችሁን ሰዓት ፈልጉና አብራችሁ ተነሡ። ሥራቸውን እየተካፈላችሁ ስሙ፤ ስልክ አውጥታችሁ ግን አትቅረጹ። እየተቀረጸ መሆኑን ያወቀ ሰው እንደ ልቡ አያመልክም።

ከዚያ ጠይቁ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት የተገኘው እዚህ ነው። እማዬ አንድ መዝሙር ላይ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። ምክንያቱን ስጠይቃት የታናሽ ወንድሜን ሕመም ነገረችኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱን እያዳመጠች ያደረችበትን፣ ሲነጋ ሽሮ የጠየቃትን። ያን ከሰማሁ በኋላ መዝሙሩ ለእኔም ሌላ ሆነ። እናንተም የወላጆቻችሁን ምስጋና በታሪኩ ስሙት፤ ቀጥሎ የራሳችሁን ፈልጉ። «ስለ ሁሉም አመሰግንሃለሁ» ብላችሁ አትለፉት፤ ስለ ማን፣ ስለ የትኛው ሌሊት እንደሆነ ስሙን እየጠራችሁ አመስግኑ። ልብ የሚሞቀው ያኔ ነው።

መዝሙሮቹን በቃላችሁ ያዙ። ጅማ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘመራልና ወላጆቻችሁ የሚወዱትን በሚዘምሩበት ቋንቋ አጥኑት። ዓይናችሁ ግጥም ሲያነብ ልባችሁ ወደ ኋላ ይቀራል። እልልታ የምትፈልጉ ደግሞ ትንፋሻችሁን ከሆድ ሳቡ፣ ድምፃችሁን ቀጭን አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ምላሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ አመላልሱ። እጅ ማንሣት ከከበዳችሁ ብቻችሁን፣ ተንበርክካችሁ ጀምሩት፤ መዝሙር 63፥4 በስምህ እጆቼን አነሣለሁ ይላል።

ነጻ አምልኮ ማለት ግን ጩኸት አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ሰው በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰብ ነበር። እማዬ ያኔ ልጃገረድ ነበረች። በር ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምሩ እንደነበር፣ ጭብጨባውም በሁለት ጣት መዳፍ ላይ እንደነበር ትነግረናለች። 1983 ዓ.ም. ደርግ ከወደቀ በኋላ በአደባባይ ስትዘምር ያ የሹክሹክታ እሳት ነው የወጣው። ዛሬም ጎረቤት የታመመ ካለ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ እንባዋ ግን አይቀንስም። እኔ ከእሷ ልወርስ የምመኘው ይህን ነው።

ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት ሲመጣ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘፍን ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ እሱ ግን ያደረገው በእግዚአብሔር ፊት መሆኑን ነገራት። ከዚያ እሑድ ወላጆቻችሁ አጠገብ ቁሙ፣ ትከሻችሁ ትከሻቸውን እስኪነካ ተጠጉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ወላጆቻችሁ ካረፉ ወይም አማኝ ካልሆኑ ጢሞቴዎስን አስቡ፤ ጳውሎስ እምነቱን ሲያወሳ እናቱን ኤውንቄን ብቻ ሳይሆን አያቱን ሎይድንም ይጠራል። በጸሎት ቤታችሁ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አይጠፉም። ቡና ይዛችሁ ቤታቸው ሂዱ፤ እናንተ እየቆላችሁና እየወቀጣችሁ፣ እስከ በረካው ድረስ የሚወዱትን መዝሙር ያስተምሯችሁ።