ቢራቢሮ ወዳጆች ሆይ፣ ትሉን አትግደሉ!

ጎንደር ውስጥ ቢራቢሮ ፎቶ ማንሳት ከጀመሩ ልጆች ጋር ብዙ ጊዜ እወጣለሁ። ጉጉታቸው ደስ ይለኛል። ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

ዋናው ትሉን መግደል ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል! ቢራቢሮ ጠፋ ብለን እናማርራለን፤ ጓሯችን ባለው ሎሚ ላይ ትል ስናይ ግን ፍሊት ይዘን እንሮጣለን። ያ ትል እኮ ራሱ ቢራቢሮው ነው። የደጋ ደኑ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለው ቢራቢሮም ሆነ ሎሚና ብርቱካን የሚወደው ሌላው ቢራቢሮ፣ ፓፒሊዮ ዲሞዶከስ፣ ትላቸው በዚህ መልክ ያድጋል። ትንሽ እያለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ነካ ካደረጋችሁት ከጭንቅላቱ ኋላ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ነገር ብቅ ያደርግና ይሸታል። በቃ፣ ሌላ መሣሪያ የለውም። አይናደፍም። ሰው የሚፈራው ከጠጉራሙ አባጨጓሬ ጋር እያምታታው ነው። ትልቅ የሎሚ ዛፍ በጥቂት ትል አይጎዳም። ችግኝ ላይ ካገኛችሁት ከነቅጠሉ አንስታችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሩት።

ልምጭ የሚባለው ተክልም እንዲሁ። ሁለቱም ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን ይጥሉበታል። በየደብሩ ቅጥር ትልልቁ ዛፍ እንዳይነካ እንጠነቀቃለን፤ ከሥሩ ያለውን ልምጭ ግን «ቁጥቋጦ ነው» ብለን እንመነጥራለን። ለመፋቂያ አንድ ቅርንጫፍ መቁረጥ ሌላ፣ ከነሥሩ መንቀል ሌላ።

በማለዳ አትውጡ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ቢራቢሮ ደግሞ ፀሐይ ካልሞቀ አይበርም። 1 ሰዓት ላይ ፋሲል መዋኛ መቆም ብርድ መጠጣት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ክንፉን በጣት አትያዙ፤ ቅርፊቱ ይረግፋል።

ሙሽሬውን፣ ማለትም ትሉ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበትን ሽፋን፣ ቀዳችሁ ቢራቢሮውን «አትርዱት»። ራሱ ወጥቶ፣ ተንጠልጥሎ ፈሳሽ ወደ ክንፉ ካልገፋ ክንፉ ተጨማድዶ ይቀራል።

የመጨረሻው የዳርዳነስ ሴት ጉዳይ ነው። ልጆቹ በውጭ መጽሐፍ «ሴቷ ጭራ የላትም» የሚለውን አንብበው፣ ክንፉ ጭራ ያለውን ሁሉ ወንድ ይሉታል። በአብዛኛው አፍሪካ እውነት ነው። እዚያ ሴቷ ወፍ የሚጠላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ትመስላለች። መልኳ ከወንዱ ከመራቁ የተነሳ ሌላ ዝርያ ትባል ነበር፤ አንድ መሆናቸውን የነፍሳት ተመራማሪው ሮላንድ ትራይመን በ1869 እ.ኤ.አ. አስረዳ። የኢትዮጵያዋ ግን ጭራ አላት፤ አብዛኞቹም ቁርጥ ወንዱን ናቸው፣ ገርጣ ያለ ቢጫ ከጥቁር ጠርዝ ጋር። ስለዚህ ሥራዋን እዩ። ልምጭ ላይ አርፋ ሆዷን ወደ ቅጠሉ ካጎበጠች ሴት ናት። ቅርንጫፉ ላይ ክር እሰሩና ከሳምንት በኋላ ትሉን ፈልጉት።