ግማሽና እጥፍ፦ በጨረራና በሕዝብ ቁጥር ስሌት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጨረራን ጉዳት የሚያስተምረው የሥነ ሕይወት መምህር ነው፤ የሕዝብ ቁጥር ዕድገትን የሚያስተምረው ደግሞ የሒሳብ ወይም የጂኦግራፊ መምህር። ተማሪው ሁለቱን በሁለት ደብተር ይጽፋቸዋል፤ የሚሳሳተው ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ለዓመታት የፈተና ወረቀት ሳርም የታዘብኩት ይህንን ነው። ሰውነት የሕዋሳት ሕዝብ ነው፤ ይወለዳሉ፣ ይሞታሉ፣ ይተካካሉ። ጨረራ የሚያናጋው ይህንን የልደትና የሞት ሚዛን ስለሆነ፣ አንዱን ሳያውቁ ሌላውን ማስላት አስቸጋሪ ነው።

ጨረራ ያረፈበትን ሁሉ ጨረራ አመንጪ አድርጎ መቁጠር

ራጅ የተነሣ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ጨረራ ይዞ አይወጣም። መብራት ሲጠፋ ግድግዳው እንደሚጨልመው ሁሉ፣ መሣሪያው ሲቆም ጨረራውም ያበቃል። ብክለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨረራ አመንጪው ዱቄት ወይም ፈሳሽ ራሱ በቆዳ፣ በልብስ ወይም በሳንባ ውስጥ ሲቀር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብራዚል ጎያንያ ከተማ ከተተወ የሕክምና ሕንፃ የተወሰደ መሣሪያ ተፈልፍሎ፣ በውስጡ የነበረው ሲዚየም 137 የተባለ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ሰዎች እንደ ጌጥ ወደ ቤታቸው ወሰዱት። 4 ሰዎች ሞቱ፤ በ249 ሰዎች ላይም ብክለት ተገኘ። (ኒውትሮን የሚባለው የአቶም እምብርት ቅንጣት የመታውን ነገር ጨረራ አመንጪ ሊያደርገው ይችላል፤ በራጅ ክፍል ግን ይህ አያሰጋም።)

«ካላቃጠለው አልጎዳውም» ማለት

መላ ሰውነትን በአንድ ጊዜ የመታ 4 ግሬይ፣ ሕክምና ካላገኙ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ይገድላል። አንድ ግሬይ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም አንድ ጁል ነው። ሰውየው 70 ኪሎ ቢመዝን ያረፈበት ኃይል 280 ጁል ብቻ ነው። ይህ የሰውነቱን ሙቀት ከፍ የሚያደርገው በአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ትኩስ ውኃ እንኳ ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይዞ ይገባል።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? ጨረራው የዲኤንኤን ሁለት ክሮች በአንድ ቦታ ሲበጥሳቸው፣ ሕዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ሊከፈል ሲሞክር ይሞታል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉት ቀድመው ይጎዳሉ፦ የአጥንት መቅኒ፣ የአንጀት ሽፋን፣ የፀጉር ሥር። ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ ቤርጎኒየና ትሪቦንዶ፣ ይህንን የጻፉት በ1906 ነበር። መቅኒው መውለድ ሲያቆም በደም ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ግን ዕድሜያቸው እስኪያልቅ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ተዋጊዎቹ ነጭ ሕዋሳት ግን አብዛኞቹ ከጥቂት ቀናት አያልፉም። ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ይሻለዋል፣ ዳነ ይባላል። ልደት ቆሞ ሞት ብቻ መቀጠሉ ጎልቶ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ኢንፌክሽንና የደም መፍሰስ የሚመጡትም ያኔ ነው። «በመጀመሪያው ቀን ደኅና ስለነበር መጠኑ ትንሽ ነው» የሚል መልስ ባረምኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ ተማሪው ሁለቱንም ምዕራፎች ያውቃል፣ አላገናኛቸውም እንጂ።

ቁጥሩን ያለ መለኪያው መጥራት

ቤክሬል በሰከንድ ስንት አቶም እንደፈረሰ ይቆጥራል፤ ግሬይ ያረፈውን ኃይል ይለካል፤ ሲቨርት የሚያስከትለውን ሥጋት ይገምታል። ከተፈጥሮ ብቻ አንድ ሰው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል። የካንሰር ሕመምተኛ 60 ግሬይ ወስዶ በሕይወት መኖሩን ሰምቶ «እንግዲያው 4 ግሬይ እንዴት ይገድላል?» የሚል አለ። ያኛው በጠባብ ቦታ ላይ፣ በሳምንታት ተከፋፍሎ የተሰጠ ነው።

«በሁለት ግማሽ ዕድሜ ያልቃል» ማለት

ግማሽ ዕድሜ ማለት ከጨረራ አመንጪ ነገር ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ከሁለት ግማሽ ዕድሜ በኋላ ሩብ ይቀራል። በ10 ግማሽ ዕድሜ ደግሞ ከ1,024 አንድ እጅ። አዮዲን 131 በ8 ቀን፣ ሲዚየም 137 በ30 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳሉ። ሰውነት ሲዚየምን በራሱ መንገድ ስለሚያስወግድ ግን፣ በአዋቂ ሰው ውስጥ ከገባው ግማሹ የሚወጣው በጥቂት ወራት ነው። ለአፈር የሚሠራውን 30 ዓመት ለሰው አካል መጠቀም ስሌቱን ከመሠረቱ ያበላሸዋል።

ዕጢው ከምስሉ ሲጠፋ አለቀ ማለት

ይህንን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ የካንሰር ዕጢ 1 ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት እንደሚይዝ ይገመታል። አንድ ሕዋስ 30 ጊዜ እጥፍ ቢሆን 1,073,741,824 ይሆናል፤ ዕጢው የተሠራው በዚህ መንገድ ነው እንበል። አሁን በጨረራ ሕክምና በየቀኑ 2 ግሬይ እየተሰጠ፣ እያንዳንዱ ሕክምና ከተረፉት ግማሹን ይገድላል ብለን እንያዝ። በ10ኛው ቀን 1 ሚሊዮን ገደማ ይቀራሉ። ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ የማይበልጥ ስለሆነ በምስል ላይ ላይታይ ይችላል። ሕመምተኛው «ጠፍቷል እኮ፣ ለምን 20 ቀን ይጨመርብኛል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን ገና ሚሊዮን አለ ነው።

በ30ኛው ቀን በአማካይ አንድ ሕዋስ ይቀራል። እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ፤ አማካይ አንድ ማለት በእያንዳንዱ ሰው ላይ አንድ ቀረ ማለት አይደለም። ከ100 ሕመምተኞች 37ቱ ላይ ምንም አይቀርም፤ በሌሎቹ ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይቀራል። ሦስት ቀን ቢጨመር አማካዩ ወደ አንድ ስምንተኛ ወርዶ ምንም የማይቀርባቸው 88 ይሆናሉ።

ሕክምናው ቢቋረጥስ? የተረፉት ሕዋሳት በየ4 ቀኑ እጥፍ የሚሆኑ ከሆነ፣ የ8 ቀን መቅረት የሁለት ቀን ሕክምናን ይሰርዛል። ሐኪሞች ቀጠሮ እንዳይዘለል የሚጨቀጭቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘር ሁሉ ይበላሻል ብሎ መደምደም

የዘረመል ተመራማሪው ኸርማን ሙለር ራጅ በዝንቦች ዘረመል ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳየው በ1927 ነው። ከዚያ ተነሥቶ የሂሮሺማና የናጋሳኪ የአቶም ቦምብ ተራፊዎች ልጆች በዘር በሽታ ይሞላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ለአሥርት ዓመታት በተደረገው ክትትል፣ ከቦምቡ በኋላ በተፀነሱት ላይ ጎልቶ የወጣ ጭማሪ አልታየም። በማኅፀን እያሉ ጨረራ ያገኛቸው ልጆች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ በተለይ ከ8ኛው እስከ 15ኛው የእርግዝና ሳምንት የነበሩት የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ደርሶባቸዋል። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

የዕድገት ምጣኔ ሲቀንስ ሕዝቡ ቀነሰ ማለት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓለም 3.2 ቢሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በዓመት 2.2 በመቶ ገደማ ታድግ ነበር። ዛሬ 8 ቢሊዮን አልፋ ከ1 በመቶ በታች ታድጋለች። ማባዛት ነው፤ የዓመቱ ጭማሪ በሁለቱም ጊዜ 70 ሚሊዮን አካባቢ ነው። የእጥፍ ጊዜን ለማግኘት ደግሞ 70ን ለመቶኛው ማካፈል ይበቃል፤ በ3.5 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በ20 ዓመት እጥፍ ይሆናል። 100ን ለ3.5 አካፍሎ 29 ዓመት የሚል ተማሪ፣ ጭማሪው ራሱ እንደሚወልድ ረስቷል።

ሰውን እንደ አቶም ማስላት

በ1963 የነበረውን 2.2 በመቶ ይዞ ለ60 ዓመት ያሰላ ሰው 12 ቢሊዮን ገደማ ያገኝ ነበር። በ4 ቢሊዮን ያህል ተሳስቷል፤ ቀመሩ ግን ትክክል ነው። ለሲዚየም ቢጠቀምበት አይስትም ነበር። ምክንያቱም አቶም አያረጅም፤ በ1986 አደጋ ከደረሰበት የቸርኖቢል የኒውክሌር ጣቢያ የወጣና እስካሁን ያልፈረሰ የሲዚየም አቶም በሚመጣው ዓመት የመፍረስ ዕድሉ በመጀመሪያው ዓመት ከነበረው አይለይም። ሰው ግን ሕፃን ነው፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፣ ሐሳቡንም ይለውጣል።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ። ሴቶች ወላጆችን ለመተካት ብቻ ወደሚበቃው በአማካይ 2.1 ልጅ ሲወርዱ «ዕድገቱ ዛሬ ቆመ» ይባላል። ወጣት በበዛበት ሕዝብ ዘንድ ዕድገቱ ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል። ዛሬ 5 ዓመት የሞላት ልጅ በዚህ ዓመት የወሊድ መዝገብ ውስጥ እንደ እናት የለችም፤ የምትገባው ከ20 ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔም እንደ እሷ ያሉት በርካቶች ናቸው።