ማርኬቲንግ ማናጀር ስትቀጥሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አንድ ወዳጄ የወተት ማቀነባበሪያ አለው። ትልቅ አይደለም፤ ወተት፣ እርጎና አይብ ለአዲስ አበባ ሱቆች ያከፋፍላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማርኬቲንግ ማናጀር ልቅጠር አለና እኔንም ከጠያቂዎቹ ጋር አስቀመጠኝ። የተመረጠው ሰውዬ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። አፋችንን ከፍተን ሰማነው፣ በዚያው ሳምንት ተቀጠረ። በሦስተኛው ወር አዲሱን የፍራፍሬ እርጎ በቢልቦርድና በሬዲዮ አስተዋወቀ። መቼ? ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት! ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እርጎው ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ጊዜው አለፈበት። ወዳጄን "አንተስ እንዴት ዝም አልክ?" ስለው "እኔማ ራሴ እየጾምኩ ነበር፣ ግን ባለሙያው የሆነ ነገር አስቦ ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቦታዎችም ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። አብዛኛው ጥፋት የአመልካቹ አይደለም፣ የእኛ የቀጣሪዎቹ ነው።

ምን እንደምታሠሩት ሳታውቁ ማስታወቂያ ማውጣት

የሥራ ማስታወቂያዎቹን እስቲ አንብቧቸው። የማርኬቲንግ ማኔጅመንት ዲግሪ፣ 8 ዓመት ልምድ፣ ፎቶሾፕ የሚችል፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የቴሌግራም ቻናል የሚያስተዳድር፣ መንጃ ፈቃድ ያለው። ይሄ አንድ ሰው አይደለም። አራት ሰው ነው፣ አንደኛው ደግሞ ሹፌር።

ብዙ ባለቤት በልቡ የሚፈልገው ሻጭ ነው። ሻጭ መጋዘን ያለውን ዕቃ አውጥቶ ብሩን ይሰበስባል። ማርኬቲንግ ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ማን ይገዛል፣ ለምን ይገዛል፣ በስንት፣ ከየት። አሜሪካዊው ጄሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ያስቀመጣቸውን አራቱን ነገሮች ትምህርቱን የተማረ ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ስርጭት፣ ማስተዋወቅ። እንግዲህ ዋጋውን ራሳችሁ የምትቆርጡ፣ ስርጭቱን ለወንድማችሁ የሰጣችሁ፣ ምርቱንም ማንም እንዲነካባችሁ የማትፈልጉ ከሆነ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ለዚያ ማናጀር አያስፈልግም፤ ጎበዝ የማስታወቂያ ሠራተኛ ይበቃል፣ ደሞዙም ያንሳል።

በንግግር መማረክ

ማርኬቲንግ የሚሠራ ሰው ዝምተኛ ይሁን አላልኩም። ግን ራሱን አሳምሮ የሸጠ ሁሉ የእናንተን ዕቃ ይሸጣል ማለት አይደለም። እኔ አሁን ቃለ መጠይቅ ላይ የምቆጥረው አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ስንት ጥያቄ ጠየቀ? እርጎውን የሚገዛው ማነው፣ ለልጆቿ የምትገዛ እናት ናት ወይስ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ተማሪ? ባለሱቁ ከአንዱ ስንት ያተርፋል? ያልተሸጠውን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ? ረቡዕና አርብ ሽያጩ ምን ያህል ይወርዳል? ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ባለሃያ ገጽ ዕቅድ የሚዘረጋላችሁ ሰው ዕቅዱን ለሌላ ድርጅት ሠርቶት የነበረ ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።

ደግሞ "እኛ" የምትለዋን ቃል ጠብቁ። "ሽያጩን በእጥፍ አሳደግነው" ካለ "አንተ የትኛውን ሠራህ?" በሉት፣ እስኪመልስም ዝም በሉ። ቀጥላችሁ ያልተሳካለትን ሥራ ጠይቁት። "ያልተሳካልኝ ነገር የለም" ካለ ወይ ብዙ አልሠራም ወይ የሠራውን ለክቶ አያውቅም።

የትልቅ ድርጅት ስም ሲቪ ላይ አይቶ መደንገጥ

ቢራ ፋብሪካዎቹ በቴሌቪዥን የሚሻሙበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣው። በዚያ ዘመን የሠራ ሰው ሲመጣ ታዲያ እኔ የምጠይቀው ከአዋጁ በኋላ ስላደረገው ነው። ብሩ ሞልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ክፍት ሆኖ ማንም ያስተዋውቃል። በሩ ሲዘጋ ወደ አከፋፋዩ፣ ወደ ግሮሰሪው ባለቤት፣ ወደ ፍሪጁ አቀማመጥ የዞረውን ሰው ነው የምፈልገው፤ የእናንተ በር ከመጀመሪያውም ዝግ ነዋ፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን ገንዘብ የላችሁም።

ላይክ ቆጥሮ መቅጠር

"ገጹን ከ2 ሺህ ተከታይ ወደ 80 ሺህ አደረስኩት" ይላል። ጥሩ። ስንት ካርቶን ተሸጠ? እዚህ ጋ ነው ፊቱን የምታዩት። ከአዲስ አበባ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ቡስት ለማስደረግ (ከፍሎ ጽሑፉን ለብዙ ሰው ለማሳየት) በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው መሃል ላለ አገናኝ በብር እየከፈለ ነው የሚያሠራው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዶላር ዋጋ በባንክ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በእውነት የሠራበት ሰው ይሄን ሁሉ ሳትጠይቁት ያማርራል፣ አንድ ገዢ ለማምጣት ስንት ብር እንደወጣበትም ይነግራችኋል። ያልሠራበት ስለ ላይክ ይቀጥላል።

ሂሳብ አለመጠየቅ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡትና ይሄን በሉት፦ አንድ እርጎ በ80 ብር ይሸጣል፣ ወጪው 60 ብር ነው፤ 10 በመቶ ቅናሽ ብናደርግ የዱሮውን ትርፍ ለማግኘት ስንት መሸጥ አለብን?

አብዛኛው "10 በመቶ ጨምረን ከሸጥን ይካካሳል" ይላል። አይካካስም። ቅናሹ 8 ብር ነው፣ ከ20 ብሩ ትርፍ የሚቀረው 12 ብር ብቻ ነው። በወር 1,000 ትሸጡ ከነበረ አሁን 1,667 መሸጥ አለባችሁ፣ ያውም የዱሮውን ትርፍ ለማግኘት ብቻ። ቅናሽ አይደረግ እያልኩ አይደለም። ግን ይሄን ሳያሰላ "ለፋሲካ ቅናሽ እንልቀቅ" የሚል ሰው የእናንተን ትርፍ እየበተነ ጭብጨባ ይሰበስባል። ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተር ቢጠቀም ምንም አይደለም፣ እኔም እንደዚያ ነው የማሰላው።

ቦሌን አገር ማድረግ

አንዳንዱ ገበያውን የሚያውቀው ከካፌ መስኮት ነው። መርካቶ ጅምላ እንዴት እንደሚወጣ፣ ዱቤ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ አዳማ ላይ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ ማንን እንደሚተው ጠይቁት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን እንደ ምስክር መቁጠር

ደብዳቤው ምን ሥራ ላይ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ደሞዝ እንደቆየ ይናገራል፤ እንዴት እንደሠራ ግን አይናገርም። የዱሮ አለቃውም በስልክ "ጥሩ ልጅ ነው" ብሎ ነው የሚዘጋባችሁ፣ እኛ አገር የሰው እንጀራ መዝጋት ነውር ነዋ። ሰውዬውን ጠይቃችሁ፣ ፈቅዶላችሁ፣ አብረውት የሠሩ አከፋፋዮችን አነጋግሩ። አከፋፋይ አይደብቅም።

የአክስት ልጅን ስለመቅጠር ምንም አልጽፍም። ታውቁታላችሁ።

ነጻ ዕቅድ ማሠራት

ይሄ ያናድደኛል። አምስት አመልካቾችን "የአንድ ዓመት የማርኬቲንግ ዕቅድ ሠርታችሁ ኑ" ብሎ አምስቱንም ዕቅድ ወስዶ ማንንም አለመቅጠር! መፈተን ከፈለጋችሁ ትንሽ ሥራ ስጡ፣ ክፈሉበትም። ወዳጄ ለሁለተኛ ጊዜ ማናጀር ሲፈልግ እንደዚያ አደረገ። ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች የሁለት ቀን አበል ሰጥቶ "አሥር ሱቅ ዞራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ" አላቸው። ሁለቱ ቆንጆ ሪፖርት በኮምፒውተር ጽፈው መጡ። አንዲቷ በፌስታል አንድ የእርጎ ዕቃ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መጠቀሚያው ገና አራት ቀን ይቀረዋል፣ ክዳኑ ግን አብጧል። ባለሱቁን ጠይቃው ነበር፤ መብራት ይቆጥርብኛል ብሎ ማታ ማታ ፍሪጁን ያጠፋዋል። ወዳጄ ለሁለት ዓመት ሰው "እርጎህ ይኮመጥጣል" ሲለው የወተት አቅራቢዎቹን ነበር የሚቆጣው።

ውሉን እንደ ነገሩ መፈራረም

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቀው። የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና በውላችሁ ነው። ደግሞ "ማናጀር" የሚለው መጠሪያ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርገውም፣ የሚታየው ሥልጣኑ ነው። ስለዚህ የሙከራውን ጊዜ፣ ስንብት ላይ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ፣ ሥልጣኑን ሁሉ ጻፉት። የቴሌግራም ቻናሉና የፌስቡክ ገጹ በማን ስልክ እንደሚከፈትም ጻፉ። ማናጀሩ ሲለቅ ቻናሉን ይዞበት የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ደንበኞቹን መልሶ ከዜሮ ነው የሰበሰበው።

ደሞዝ ስትነጋገሩ ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ የሚለውን አስቀድሙ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው፣ 7 በመቶ ጡረታም አለ። ሁለታችሁ በልባችሁ የያዛችሁት ቁጥር በጣም ሊራራቅ ይችላል።

ያለ በጀት መቅጠር

ባለ እርጎዋ በደሞዙ ተስማማች። ልትፈርም ስትል "ለመጀመሪያው ዓመት ለማርኬቲንግ ስንት መድባችኋል?" አለች። ወዳጄ ሳቅ ብሎ "እስቲ ቀስ እያልን እናየዋለን" አላት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "እንግዲያውስ እኔም ቀስ ብዬ ልምጣ" ብላ ተነሳች። ማታውኑ ቁጥሩን ጽፎ ላከላት።